ጓድ ለማንኛውም እና የቀዝቃዛው ክፍል ሳጥን

በዚህ አገር ከአራት በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ጓድ ለማንኛውም አለው። ሽንት ቤት ላይኖረው ይችላል፤ የጽሕፈት መኪናው ግማሹን ፊደል ላይመታ ይችላል፤ ጓድ ለማንኛውም ግን አያጣም። ይህ ሰው ምንም ነገር አይጥልም፣ ምንም ነገር አይሰርዝም፣ በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ «አያስፈልግም» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እግዚአብሔር ዓለምን ሲፈጥር ኮሚቴ አቋቁሞ ይህን ሰው አባል አድርጎት ቢሆን ኖሮ ስድስቱ ቀን አይበቃም ነበር። እኛም ዛሬ ጀርባችን ላይ ሦስተኛ እጅ ይኖረን ነበር። ለማንኛውም።

የዲላው ጓድ ለማንኛውም ጓድ ሽብሩ ይባሉ ነበር። አንድ የክትባት ማከፋፈያ ጣቢያ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ደግሞም የኮሚቴው ጸሐፊ፣ የመሠረተ ትምህርት አስተባባሪ፣ የስፖርት ተወካይ፣ የእድሩ ምክትል ዳኛና የኅብረት ሱቁ ተቆጣጣሪ። አንዱ ሹመት ቢወድቅ በሌላው ለመቆም ነው ይሏቸው ነበር። ወገባቸው ላይ የሚንጠለጠለው የቁልፍ ክምር ሲራመዱ እንደ በቅሎ ጌጥ ይንሿሿል። ከቁልፎቹ መካከል በሩ ከነግድግዳው ከፈረሰ ብዙ ዘመን የሆነው ይገኝበታል።

አንድ ቀን ዋናው መንገድ ዳር ካለችው የኸድሩ ሱቅ ገብተው የብረት ድስት ክዳን አነሱ። ኸድሩ ከጉራጌ አገር መጥቶ ዲላ የከተመ፣ ምላሱ የማያርፍ ነጋዴ ነው።

«ጓድ ሽብሩ፣ ይሄ እኮ ክዳን ብቻ ነው። ድስቱ ባለፈው ዓመት ተሸጧል።»

«አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል፣ ኸድሩ።»

«ድስት ከተሸጠ በኋላ ተመልሶ የሚመጣበትን አገር ካዩ ይንገሩኝ፤ እዚያ ቅርንጫፍ እከፍታለሁ።»

«አይታወቅም። ለማንኛውም ጠቅልልልኝ።»

ኸድሩ ጠቀለለላቸው። እንደወጡም ሳሙና ልትገዛ ወደቆመችው የጣቢያው ባልደረባቸው ጥሩብርሃን ዞሮ «እንደ እሳቸው ያለ ሌላ አንድ ደንበኛ አላህ ቢሰጠኝ ይሄን የዛገ መደርደሪያ ሁሉ ባዶ አደርገው ነበር» አላት።

ኸድሩ ሳቀ። ጥሩብርሃን አልሳቀችም።

ለክትባት ዘመቻ ወደ ይርጋጨፌ ሲኬድም እንዲሁ ነው። ጓድ ሽብሩ ላንድሮቨሩ ላይ ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ገመድ፣ አካፋ፣ ፋኖስ፣ የጭቃ ሰንሰለትና አንድ ደወል ይጭናሉ። ደወሉ ለምን እንደሆነ ጠይቆ የተረዳ የለም። ነርስ የትምወርቅ የክትባቱን ሳጥን ጉልበቷ ላይ አቅፋ፣ እግሯን ጎማ ላይ ሰቅላ፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ ትሄዳለች።

«ጓድ ሽብሩ፣ ይሄ ጎማ ከእኔ የበለጠ ለአብዮቱ ይጠቅማል?» አለቻቸው አንድ ጊዜ።

«እንዴት ይሆናል እህቴ! ግን ጎማው ቢፈነዳ በቦታው አንቺን ልንገጥምሽ አንችልም።»

ሾፌሩ መሪውን ይዞ በሳቅ ተንፈራፈረ። ከኋላ የተቀመጠችው ጥሩብርሃን ግን መስኮቱን እያየች ጥርሷን ነከሰች።

ጥሩብርሃን የጣቢያው የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ነች። ከዩኒቨርሲቲ በስታትስቲክስ ተመርቃ ነው ዲላ የመጣችው። በእሷ መዝገብ ላይ «ገደማ» የሚባል ቃል የለም፤ «ወደ ሠላሳ ልጆች ተከተቡ» ብሎ የሚያመጣላት ሰው ልጆቹን ተመልሶ ይቆጥራል። እንዲህ ያለች ሴትና እንደ ጓድ ሽብሩ ያለ ሰው በአንድ ግቢ መዋላቸው በራሱ ቅጣት ነው። ንዴቷ ግን ከዚህ የመጣ አልነበረም።

ልጇ አትጠገብ በሚያዝያ 1979 በኩፍኝ ሞተች። ገና የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ። ያልተከተበች ልጅ አይደለችም፤ የከተባት ይህ ጣቢያ ነው፤ ካርዷ ላይ ያረፈው ማኅተም የዚህ ጣቢያ ማኅተም ነው። ጥሩብርሃን ለቅሶዋን ሳትጨርስ ወደ ቢሮዋ ተመልሳ መዝገብ ገለጠች። ሌላ የምታውቀው የማልቀሻ መንገድ አልነበራትም። በዚያ ሰሞን ከሞቱት ልጆች የሚበዙት በአንድ ሳምንት ውስጥ የተከተቡ ሆነው ተገኙ። የቀዝቃዛውን ክፍል ሙቀት አየች። ቅዳሜ ጧት አራት ዲግሪ። ሰኞ ጧት አራት ዲግሪ።

ሁለቱም ልክ ነው፤ ማንም አልዋሸም። በመሃል ግን መብራት ጠፍቶ፣ ክትባቱ ሞቆ ከሞተ በኋላ፣ መብራቱ ተመልሶ የሞተውን እንደገና አቀዝቅዞታል። የሞተ ክትባትና ሕያው ክትባት በዓይን አይለይም። ሰኞ ጧት ቴርሞሜትሩን ያነበበው ሰው ያየውን ጻፈ፤ ነርሶቹ የተሰጣቸውን ወጉ። ጥሩብርሃን መብራቱ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ከተማውን ሙሉ ዞራ ጠየቀች። አንዱ ከምሳ በፊት ነው አላት፤ አንዱ የለም፣ ከምሳ በኋላ ነው አላት፤ ሌላዋ ደግሞ «ኧረ ያን ቀን መብራት አልጠፋም» ብላ ማለችላት።

የዋሸ ሰው ቢገኝ ኖሮ ንዴቷ ማረፊያ ያገኝ ነበር። አጣ። ሲዞር ሲዞር ቆይቶ ጓድ ሽብሩ ላይ አረፈ። የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ የእሳቸው ነው። የዓለምን ኮተት ሁሉ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ሊያስቀምጠው የሚገባውን አንድ ነገር ሳያስቀምጥ ቀረ። በዚያ ላይ ለቅሶ ቤቷ ሁለት ድንኳን አስጭነው ነበር የመጡት፤ አንዱ ቢቀደድ ብለው። ጥሩብርሃን በዚያ ቀን ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ሁለተኛ ድንኳን ስታይ ሁለተኛ ለቅሶ የሚጠብቁ መሰላት። ሰው ባይይዛት ምን ታደርግ እንደነበር እሷም አታውቅም።

እንዲህ እንዳለች በ1980 መጀመሪያ ላይ ሳጥኗ መጣች።

የላካት አንድ የውጭ ለጋሽ ድርጅት ነው። መጠኗ የጠረጴዛ ሬዲዮ ያህላል፤ ፊቷ ላይ ጠባብ ማሳያ አላት፤ ከጀርባዋ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል የሚገባ ሽቦ ወጥቷል። ውስጧ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር ሲባል ግን ቴሌቪዥን የመሰለው አይደለም፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ አንድ ሥራ ብቻ የምትሠራ ትንሽ ጭንቅላት ነች። ይዟት የመጣው አህመድ የሚባል ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት መሐንዲስ ነበር። ኮሚቴው ተሰበሰበና እሱ አስረዳ።

«ዋናው ፕሮግራም ውስጧ ተቀምጧል፤ እሱን አትነኩትም። ስትበራ ይነሳል፣ ሙቀቱን ያነባል፣ ቁጥሩን ያሳያል። ሌላ አያውቅም። ከእሱ የተረፈ አሥራ ስድስት ኪሎባይት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ረዳት ፕሮግራሞች ይጨመራሉ። የትኞቹ እንደሚገቡ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ነገ ሳጥኗንና ምርጫችሁን ይዤ እሄድና አዲስ አበባ ላይ አስገባዋለሁ። ከገባ በኋላ መለወጥ የለም፤ የሚጽፈው መሣሪያ ወደመጣበት አገር ይመለሳል።»

ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ጥሩብርሃን የምትፈልገውን ለማግኘት ዓይኗን ሁለቴ ማሳረፍ አላስፈለጋትም። የመቋረጥ መዝጋቢ፤ መብራት ሲጠፋና ሲመጣ በባትሪ እየሠራ ሰዓቱን ይይዛል፤ በመሃል ሙቀቱ የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ይይዛል። ቦታው ስምንት ኪሎባይት። ያለ እሱ ሳጥኗ ቅዳሜ አራት፣ ሰኞ አራት የምትል ውድ ቴርሞሜትር ነች።

አፏን ሳትከፍት ጓድ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የሒሳብ ማስያ አለ ነው የሚለው? ጥሩ ነው። ለማንኛውም ይኑር። የመቶ ዓመት የቀን መቁጠሪያ። ይኑር። ወደ ፋራናይት መለወጫ...»

«ፋራናይት ምን ያደርግልናል?» አለች ጥሩብርሃን።

«ፈረንጅ ቢመጣስ?»

«እሺ፣ የኳስ ጨዋታውስ?»

«ዘበኛው ሲያድር እንቅልፍ ቢጥለውስ? ይኑር።»

«ዘበኛው እኮ ቀዝቃዛው ክፍል አይገባም!»

«አይታወቅም፣ እህቴ።»

ከዚያ በገዛ እጃቸው የከፋውን ጨመሩ። «ጽሑፍ የሚያሳይ ፕሮግራምም አያለሁ። እንግዲህ ሳጥኗ በበራች ቁጥር መፈክር ብታሳይስ? ለማንኛውም።»

የኮሚቴው ሊቀ መንበርና የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ተሻለ እስከዚያ ድረስ በእስክሪብቶ ጆሮውን ሲጎረጉር ነበር፤ ይህን ሲሰማ ቀና አለ። መፈክሩ ተመዘገበ። ሁሉም ሲደመር ቦታው ሞልቶ ፈሰሰ። አህመድ መምረጥ ግድ ነው አለ። መምረጥ ደግሞ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ስለሆነ በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ይህን ጊዜ መፍትሔ ያመጡት አሁንም ጓድ ሽብሩ ናቸው።

«ጓዶች፣ ለምን እንጨነቃለን? አራት ክፍል ነን። ለየክፍሉ አራት አራት ኪሎ!»

ቤቱ በእፎይታ ተነፈሰ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ስኳር በኮታ ነው፣ ሳሙና በኮታ ነው፣ አቡጀዲ በኮታ ነው፤ የኮምፒዩተር ቦታ ከስኳር በምን ይበልጣል? የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ደስ ብሎት እጁን አወጣና «በዚህ ወር ያልተጠቀምንበት ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍልናል?» ሲል ጠየቀ። አህመድ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ጥሩብርሃን ተነሳች። «መዝጋቢው ስምንት ነው የሚፈልገው። አራት ብትሰጡኝ ምን ላደርገው ነው?»

«በአራቱ የሚቻለውን ያህል ይመዝግብልሽ» አለ ጓድ ተሻለ።

«ግማሽ መዝጋቢ የሚባል ነገር የለም!»

«ልክ ናት» አለ አህመድ። «ለሁለት የተከፈለ አውቶቡስ ይርጋጨፌ አይደርስም። ፕሮግራምም እንደዚያው ነው።»

«መፈክሩስ ስንት ይወስዳል?»

«አሥር። ፊደላችን ብዙ ነው፤ ሁሉንም ቅርጽ መያዝ አለበት።»

ጓድ ተሻለ እስክሪብቶውን አነሳ። «መፈክር በኮታ አይታይም። እሱ ቀድሞ ይያዝ፤ የቀረውን ስድስት ተካፈሉ። ነገ ጧት ይጸድቃል።»

አሥርና ስምንት አሥራ ስድስት ላይ አይገቡም። ጥሩብርሃን ይህን ለመደመር ማስያ አላስፈለጋትም። ስብሰባው ሲበተን ጓድ ሽብሩን ተከትላ ግምጃ ቤታቸው ድረስ ሄደች።

«ጓድ ሽብሩ!»

«አቤት እህቴ፣ ግቢ፤ ተቀመጪ።»

«በየትኛው? እግር ያለው ወንበር አለ?»

አልነበረም። ጓድ ሽብሩ ዙሪያቸውን አዩ።

«ያ መፈክር ከማን አፍ ነው የወጣው?»

«ከእኔ።»

«ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈዎት? ይህን ሁሉ ኮተት ሲሰበስቡ የሚስቅልዎት ሰው ስላለ ሞኝነት ይመስላል እንጂ ክፋት ነው! የማይረባ ሁሉ ቦታ ያገኛል፤ የሚረባው ሲመጣ ቦታ ሞልቷል!»

ጓድ ሽብሩ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስሚኝ። ይህ ለምን አለ ተብሎ የተጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን የለም የተባሉትን ግን አውቃለሁ። በ1970 ከጎኔ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ነበር። ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ መሰቀል የነበረበት ነገር አልተሰቀለም። ለምን የለም አሉት። ከዚያ በኋላ እሱም የለም።»

ጥሩብርሃን ነገሩ ገብቷታል። የገባት ነገር ግን ንዴቷን አላበረደላትም፤ እንዲያውም ማገዶ ጨመረበት።

«የእኔም ልጅ የለችም» አለች። «ለምን የለችም ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልመጣም።»

ጓድ ሽብሩ ከወገባቸው ያለውን የቁልፍ ክምር ጭብጥ አድርገው ያዙት፤ ድምፅ እንዳያሰማ ይመስል።

«መብራቱ... ስንት ሰዓት ነበር የጠፋው?»

«አላውቅም! ማንም አያውቅም! እኔስ ከጧት ጀምሮ ምን እያልኩ ነው!»

እግር ከሌላቸው ወንበሮች አንዱን በእግሯ ገፍታው ወጣች።

በማግስቱ ጓድ ተሻለ መፈክሩን መርጦ መጣ፤ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት።» አህመድ ማሳያው ጠባብ ስለሆነ ቃላቱ አንድ በአንድ እየቆዩ እንደሚያልፉ ተናገረ። ያ ምንም አይደለም ተባለ። ተቃውሞ አለ ወይ ተባለ። መፈክር ይውጣ ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰው በዚያ ዓመት በዲላ ከተማ አልነበረም። ጥሩብርሃን እጇን ልታነሳ ስትል ነርስ የትምወርቅ ከጠረጴዛው ሥር ክንዷን አጥብቃ ያዘቻት።

ጓድ ሽብሩ እጃቸውን አወጡ። እንደ ልማዳቸው ሊቀ መንበሩን፣ አባላቱን፣ እንግዳውን፣ ያልተገኙትንም ጭምር ለማንኛውም እጅ ነሱ። ከዚያ ወደ አህመድ ዞሩ።

«ልጄ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መፈክሩ ካቆመበት ይቀጥላል?»

«አይቀጥልም። በበራች ቁጥር ከመጀመሪያው ነው።»

«መሃል ላይ ከጠፋስ?»

«መሃል ላይ ይቀራል።»

«አመሰግናለሁ። ጓዶች፣ እንግዲህ ያለነው ዲላ ነው። ዝናብ ሲጀምር መብራታችን በቀን ስንቴ እንደሚጠፋ እዚህ የማያውቅ የለም። የበላይ አካል ለጉብኝት መጡ እንበል። ሳጥኗ 'አብዮታዊት' አለች፤ ጠፋ። መጣ፤ 'አብዮታዊት' አለች፤ ጠፋ። አብዮቱ በእንግዳ ፊት እየጠፋ እንደ አዲስ ሲጀምር ሊውል ነው። እሱስ ይሁን። 'እናት አገር ወይም' ካለች በኋላ ጠፋ እንበል።»

ዙሪያውን አዩ።

«ወይም ምን? ጓዶች፣ ወይም ምን? እንግዳው ቆሞ ይጠብቃል፤ መብራቱ አይመጣም። ይህን ማን ነው የሚፈርመው?»

ጓድ ተሻለ እስክሪብቶውን እንደ ትኩስ ፍም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ሳል ያዘው፤ ሳሉ ግን ወደ ሳቅ የሚያደላ ነበርና መሐረቡን አፉ ላይ ጣለ። ሊቀ መንበሩ በቀጠነ ድምፅ «ኋላ መጥተው ለምን የለም ቢሉንስ?» አለ።

ጥሩብርሃን ቀና ብላ ጓድ ሽብሩን አየች። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ጸሐፊው እኔ ነኝ» አሉ። «ሐሳቡን ያነሳሁት እኔ፣ ያወረድኩትም እኔ እንደሆንኩ በቃለ ጉባኤው እጽፋለሁ። ጠያቂ ከመጣ ስሜ እዚያ አለ።»

ጻፉት። ፊደሉ ሁሉ ተንጋደደ። መዝጋቢው ያለ ድምፅ ብልጫ፣ ያለ ኮታ፣ ስምንቱን ኪሎ ይዞ ገባ። አህመድ የተረፈው ስምንት ባዶ ይቅር ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግን ጓድ ሽብሩ በድንጋጤ ከወንበራቸው ተነሱ። ባዶ ቦታ ማየት ከአቅማቸው በላይ ነበር። ማስያው፣ ቀን መቁጠሪያውና የኳስ ጨዋታው ገቡ። ጥሩብርሃን ስለ ኳሱ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ከዚህ በኋላ ታረቁ፣ ተዋደዱ የሚል ካለ ተሳስቷል። ጓድ ሽብሩ ክዳን መግዛታቸውን አልተዉም፤ እሷም ባገኘቻቸው ቁጥር መቆጣቷን አልተወችም። ጠያቂ ይመጣል ብለው ስንት ጧት ኮታቸውን ለብሰው በር በሩን ሲያዩ እንደዋሉ ግን ታውቃለች። አልመጣም። ሳጥኗ ከአዲስ አበባ ተመልሳ ተሰቀለች፤ ቁጥሯን ስታሳይ ከረመች።

በመጋቢት፣ ዝናቡ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ሰኞ ጧት ጥሩብርሃን ቀዝቃዛውን ክፍል ልታይ ሄደች። ሳጥኗ አራት ዲግሪ ትላለች። የመዝጋቢውን ቁልፍ ተጫነች። መብራቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠፍቷል። የመጣው እሑድ ሲመሽ ነው። በመሃል የደረሰበት ከፍተኛ ሙቀት ሃያ ስድስት። ቁልፉን ደግማ ተጫነች፤ ሃያ ስድስት።

ጓድ ተሻለ ደረሰ። «አሁን ግን አራት ነው አይደለም እንዴ? የዘመቻው ሪፖርት ዛሬ ይላካል። ሴቶቹ በር ላይ ተሰልፈዋል።»

ከኋላው ቁልፍ ተንሿሿ። ጥሩብርሃን ለጓድ ሽብሩ የሚሆን ንግግር ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ በልቧ አዘጋጅታ ነበር፤ አንድም ለስላሳ ቃል የሌለበት። ልትጀምረው አፏን ከፈተች። ጓድ ሽብሩ ግን ወደ እሷም ወደ ሊቀ መንበሩም አላዩም። ማሳያውን አነበቡ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡ። ከዚያ ገብተው የክትባቱን ካርቶን አቅፈው ወጡ፤ ወደ ጓሮው ቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ አመሩ።

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ሰበሩ። ማንም ሰው አንድ ነገር ሲጥሉ አይቷቸው አያውቅም፤ እንዴት እንደሚጣልም አያውቁበትም ነበር። እያንዳንዱን በብርሃን አንጻር አንስተው ያዩታል፤ ውስጡ ያለው ንጹሕና የማያስጠረጥር ነው፤ ፊታቸው ይኮማተራል፤ ከድንጋዩ ጋር ያጋጩታል። አንዷን ብልቃጥ ኮት ኪሳቸው ከተቷት። ጥሩብርሃን አየቻቸው። እሳቸውም ማየቷን አዩ። እጃቸውን መልሰው አስገብተው አወጧትና ከሌሎቹ ጋር ሰበሯት።

ከዚያ እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ በሩ ሄዱ። ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ከጧት ጀምሮ በካፊያው ቆመዋል። ጓድ ሽብሩ በዚያች ቀን እጅ መንሻውንም፣ የምስጋናውን መግቢያም ረሱት።

«ዛሬ ክትባት የለም። ያለው ሞቷል። ሐሙስ አዲስ ይመጣል።»

«ምን ማለት ነው የለም?» አለች ከጪጩ መንደር የመጣች ሴት ከፊት ወጥታ፣ በተሰባበረ አማርኛ። «እኔ ሌሊት ተነስቶ በእግር የመጣው ለዚህ ነው? ትናንትና ስልጣን ሲሰበስብ የነበረው ሽማግሌ ዛሬ የለም ይላል! ምን ታውቃለህ አንተ? ያረጀ! ለልጄ ትሰስታለህ?»

ጓድ ሽብሩ አንገታቸውን ሰብረው ቆሙ። ለምን የለም የሚለው ጥያቄ በመጨረሻ መጥቶላቸዋል። ሴትየዋ ጣቷን ፊታቸው ላይ ልታነሳ ስትል ጥሩብርሃን ከኋላ መጥታ መሃላቸው ገባች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«በቃ! እሳቸውን መሳደብ የእኔ ሥራ ነው። ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው፤ ለማንም አላጋራም። አንቺ ሐሙስ ልጅሽን ይዘሽ ነይ፤ የሚያድን ክትባት በእጄ እሰጥሻለሁ።»

ሴትየዋ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሽማግሌውን አየች። ጣቷን አጠፈች።

«አባትሽ ነው እንዴ?»

«ከዚያስ እግዜር አውጥቷቸዋል» አለች ጥሩብርሃን። ከዚያ ዞር ብላ፣ «ይግቡ እንጂ ጋሽ ሽብሩ» አለቻቸው፤ «ዝናብ ላይ ምን ያቆምዎታል?»